ፕሮግራም ማለት ትልቅ ፕሮጀክት ነውን?



ባለፈው ዓመት የኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ፈተና ላይ ከቀረቡልን ጥያቄዎች አንዱ «በፕሮጀክት ማኔጅመንትና በፕሮግራም ማኔጅመንት መካከል ያለውን ልዩነት አብራሩ» የሚል ነበር። ፈተናውን ጨርሰን ስንወጣ እንደተለመደው ኮሪደሩ ላይ ቆመን መልስ መተያየት ጀመርን። ከሞላ ጎደል ሁላችንም የጻፍነው አንድ ዓይነት ነው፤ «ፕሮጀክት ትንሽ ነው፣ ፕሮግራም ትልቅ ነው፣ ፕሮግራም በውስጡ ብዙ ፕሮጀክቶችን ይይዛል»። እኔም ይህንኑ ጽፌ ከአምስት ሦስት አገኘሁ። ያኔ ሁለቱ ማርክ ለምን እንደተቀነሰብኝ አልገባኝም ነበር። ክረምት ላይ ለተግባር ልምምድ ሳይት ወጥቼ ከተመለስኩ በኋላ ግን ሦስቱም እንደበዛልኝ ገባኝ።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ያ ክረምት ነው። በእኔ እምነት በትልልቅ ግንባታዎች ላይ የፕሮጀክት ማኔጀርና የፕሮግራም ማኔጀር ሥራ የሚለያየው ተጠያቂ በሆኑበት ነገር ነው። ፕሮጀክት ማኔጀሩ «ውሉ ላይ የተጻፈውን በጊዜው፣ በዋጋውና በጥራቱ አስረክበሃል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ፕሮግራም ማኔጀሩ ደግሞ «ይህ ሁሉ ሥራ የተጀመረበት ጥቅም ተገኝቷል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሰው ካልተመደበ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ መቶ ሰው በትክክል ቢመልሰውም ሕዝቡ እጅ ላይ የሚገባ ነገር ላይኖር ይችላል። እስቲ ካየሁት ልጀምር።

ሳይት ላይ ያየሁት

የተመደብኩት በአዲስ አበባ ዳርቻ ካሉት የኮንዶሚኒየም ሳይቶች በአንዱ ነበር። ሥራዬም የተማሪ ሥራ ነው፤ የበርና የመስኮት ልኬት መውሰድ፣ የልስን ሥራ መለካት፣ ለክፍያ ሰርተፍኬት የሚሆን ቴክኦፍ ሺት መሙላት። ያለማመደኝ መሐንዲስ ሥራውን የሚወድና ጠንቃቃ ሰው ነበር። ጠዋት ከሠራተኛው ቀድሞ ይገባል፣ የልስኑን ቀጥታነት በቱንቢ ሳያይ አያልፍም። የእሱ ብሎኮች ከስኬጁሉ ብዙም ሳይዘገዩ 98 በመቶ ደርሰው ነበር። እኔም «ፕሮጀክት ማኔጅመንት ማለት ይሄ ነው» ብዬ ተደነቅኩ።

አንድ ቀን ሳምንታዊው ስብሰባ ላይ ማስታወሻ እንድይዝ ተፈቀደልኝ። እዚያ የሰማሁት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ከሕንፃዎቹ የሚወጣው ፍሳሽ የሚገባበት ዋናው መስመር አልተቀበረም። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ፣ የፍሳሽ መስመሩን የያዘው ሌላ ተቋራጭ ወሰን ስላልተከበረለት መቆፈር አልቻለም። የመንገዱ ተቋራጭ ደግሞ ነገ የሚቆፈር መንገድ ዛሬ አላለብስም አለ፤ እውነቱን ነው። የመብራት ሰዎች የመንገዱ ጠርዝ ካልታወቀ ምሰሶ አንተክልም አሉ፤ እነሱም እውነታቸውን ነው። የእኔ አለቃ ተራው ሲደርስ «የእኛ ስኮፕ የሚያበቃው ከሕንፃው አጠገብ ያለው ማንሆል ላይ ነው» አለ። ውሉን ገልጬ አየሁት። ልክ ነው፤ እዚያ ላይ ነው የሚያበቃው።

በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የተሳሳተ ሰው አልነበረም። ሁሉም ውሉን ያውቃል፣ ሁሉም ደብዳቤ ጽፏል፣ ሁሉም የደብዳቤውን ቅጂ ይዟል። «መጀመሪያ ወሰኑ ይፈታ፣ ለዚህም እኔ ራሴ እሄዳለሁ፣ እስከዚያ እናንተ ይህን ሥሩ» የሚል ግን አንድም አልነበረም። ሰብሳቢው ሪፖርት ተቀባይ እንጂ ወሳኝ አልነበረም። ስብሰባው «ደብዳቤ በድጋሚ ይጻፍ» ተብሎ አለቀ።

የዚያን ቀን ማታ ቤት ስገባ እናቴን ሳያት ነገሩ የበለጠ ከበደኝ። እማዬ ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበችው በ1997 ዓ.ም. እኔ ገና ዳዴ ስል ነው። ዕጣው ከስንት ዓመት በኋላ ወጥቶላት፣ ዘመድ ወዳጅ አዋጥቶ ቅድሚያ ክፍያውን ከፍላ ቁልፍ ተረክባለች። የደረሳት ቤት ያለው እኔ ከነበርኩበት ሌላ ሳይት ላይ ቢሆንም ችግሩ ያው ነው፤ ውኃ የለም፣ ፍሳሹም አልተገናኘም። ስለዚህ አሁንም ተከራይተን ነው የምንኖረው። በየወሩ የቤት ኪራይም የባንክ ዕዳም ትከፍላለች። ያን ማታ «ልጄ፣ አንተ ኢንጂነር ልትሆን ነው፤ እስቲ ንገረኝ፣ ይሄ ቤት አልቋል ወይስ አላለቀም?» አለችኝ። አለቃዬን ብጠይቀው «አልቋል» ይለኛል፤ ሰነዱም አለው። እማዬ ግን አልገባችበትም። ፈተናው ላይ ያልመለስኩት ጥያቄ ይህ ነበር።

ኮንዶሚኒየም ከመነሻው ፕሮግራም ነው

ብዙዎቻችን የኮንዶሚኒየም ሥራን እንደ ብዙ ሕንፃዎች ስብስብ ነው የምናየው። አጀማመሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም ሲጀመር 400 ሺህ ቤቶችን መገንባት ብቻ ሳይሆን ለ200 ሺህ ሰዎች የሥራ ዕድል መፍጠር፣ 10 ሺህ ጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶችን ማሳደግ፣ የኮንስትራክሽን ዘርፉን አቅም ማጎልበት፣ ያረጁ የከተማ መንደሮችን ማደስና ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ሕዝብ የቤት ባለቤት ማድረግ የሚሉ ግቦችን አንድ ላይ ይዞ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት እስከዚያ ድረስ የተሠሩት ቤቶች 171 ሺህ ያህል እንደነበሩ ገልጿል። ቁጥሩ ከግቡ ቢያንስም ቀላል ሥራ አይደለም።

ልዩነቱን ለመረዳት የበርና የመስኮቱን ጉዳይ ብቻ እንውሰድ። የብረት በርና መስኮት፣ ብሎኬትና ፕሪካስት ቢም እንዲያመርቱ የተደረገው ወጣቶች የተደራጁባቸው ጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች ናቸው። እንደ ፕሮጀክት ማኔጀር ካሰብን ይህ ራስ ምታት ነው። መስኮቱ ሊዘገይ ይችላል፣ ልኬቱ ሊዛነፍ ይችላል፣ ከትልቅ ፋብሪካ በአንድ ጊዜ ብንገዛ ይቀለናል። ሳይት ላይ ይህን ምሬት ስንት ጊዜ ሰማሁ መሰላችሁ! እንደ ፕሮግራም ካሰብን ግን መስኮቱን የሚሠራው ልጅ ሥራ ማግኘቱ ራሱ ከግቦቹ አንዱ ነው። ለአንዱ ፕሮጀክት ኪሳራ የሚመስል ነገር ለፕሮግራሙ ትርፍ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን የሚያመዛዝን ሰው ሁሉንም ግቦች በአንድ ላይ ማየት አለበት። ከአንድ ሳይት ኮንቴይነር ውስጥ ሆኖ አይታይም።

ዋና ዋና ልዩነቶች

መቀመጫውን አሜሪካ ያደረገው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2006 ለፕሮግራም ማኔጅመንት ራሱን የቻለ መመዘኛ ሰነድ አውጥቷል። ፍሬ ነገሩ ሲጨመቅ፣ ፕሮግራም ማለት አንድ በአንድ ቢመሩ የማይገኝ ጥቅም ለማግኘት ሲባል ተቀናጅተው የሚመሩ ተያያዥ ፕሮጀክቶች ናቸው። ይህን ወደ ሳይት ቋንቋ ስመልሰው አራት ነገሮች ጎልተው ይታዩኛል።

አንደኛ፣ ስኮፕ ነው። ጥሩ ፕሮጀክት ማኔጀር ስኮፑን ያጥራል፤ ያለ ተለዋጭ ሥራ ትእዛዝ አንድ ሜትር ቧንቧ አይጨምርም። እንዲህ ማድረጉም ትክክል ነው፤ አለበለዚያ ክፍያም ጊዜም ይጠፋበታል። ጥሩ ፕሮግራም ማኔጀር ግን አጥሮቹ መካከል የቀረችውን ባዶ ቦታ ነው የሚፈልገው። ከማንሆሉ እስከ ዋናው መስመር ያለው ርቀት የማን ነው? የማንም ካልሆነ ለአንዱ መስጠት፣ አዲስ ውል ማውጣት ወይም ቅደም ተከተሉን መቀየር የእሱ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ የሀብት ክፍፍል ነው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ሲሚንቶ የጠፋበትን ጊዜ ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። እንዲያ ባለ ጊዜ እያንዳንዱ ፕሮጀክት ማኔጀር ሲሚንቶውን ወደ ራሱ ሳይት መጎተቱ አይፈረድበትም፤ ጎበዝ የሚባለውም በደንብ የጎተተው ነው። ውጤቱ ግን አሥር ሳይቶች ግማሽ ግማሽ ሠርተው መቆም ሊሆን ይችላል። ፕሮግራም ማኔጀር «አራቱ ይለቁ፣ ስድስቱ ለጊዜው ይቁሙ» ብሎ መወሰን የሚችል ሰው ነው። የስድስቱ ማኔጀሮች ያኮርፋሉ። አራቱ ሳይቶች ግን ሰው ይገባባቸዋል።

ሦስተኛ፣ መጋጠሚያው ነው። ክሪቲካል ፓዝ ስንማር የአንድ ሕንፃን ሥራ ከመሠረት እስከ ጣሪያ እንደረድራለን። በትልቅ ፕሮግራም ግን የሚያዘገየው መስመር አብዛኛውን ጊዜ በማንም ስኬጁል ላይ አይታይም፤ በሁለት ውሎች መካከል ነው ያለው። እኔ በነበርኩበት ሳይት የሁሉም ስኬጁል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። አራቱን በአንድ ወረቀት ላይ ያገናኘ ስኬጁል ግን አላየሁም።

አራተኛ፣ ከርክክብ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ፕሮጀክት መጨረሻ አለው፤ ጊዜያዊ ርክክብ፣ የጉድለት ማስተካከያ ጊዜ፣ የመጨረሻ ርክክብ፣ በቃ። ጥቅሙ የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ረገድ ከአገራችን ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ይመስለኛል። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጀመር አገሪቱ የነበራት መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በዚያው ዓመት የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ተቋቋመ። መንገድ እየሠሩ ለጥገናው ገንዘብ ባይመደብለት ኖሮ ከጥቂት ክረምት በኋላ ተመልሶ ኮረኮንች መሆኑ አይቀርም ነበር። መንገዱን ለሠራው ተቋራጭ ይህ ጉዳዩ አይደለም። ለፕሮግራሙ ግን ዋና ጉዳይ ነው።

ከሌላው ዓለም ምን እንማራለን?

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሁለት ምሳሌ ከአንዲት ከተማ፣ ከለንደን ልጥቀስ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. የ2012 ኦሎምፒክ ነው። የኦሎምፒክ መቀበያ ግንባታዎችን የሚመራ አንድ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት በ2006 ተቋቋመ፤ ፕሮግራሙን በአጋርነት የሚመራለት የሦስት ኩባንያዎች ጥምረትም ቀጠረ። ስታዲየም፣ የዋና ማዕከል፣ የብስክሌት መወዳደሪያ፣ መንደር፣ ድልድዮች፣ እያንዳንዱ የራሱ ተቋራጭና የራሱ ፕሮጀክት ማኔጀር ነበረው። መጀመሪያ የተሠራው ግን ለዓይን የሚማርከው ስታዲየም አልነበረም። ቦታውን ያቋርጡ የነበሩ 52 የከፍተኛ ኃይል ኤሌክትሪክ ምሰሶዎች እንዲነሱ ገመዱ በዋሻ ከመሬት በታች ገባ፣ አሮጌ ሕንፃዎች ፈረሱ፣ የተበከለው አፈር ታጠበ። የዋናው ማዕከል ደግሞ ለውድድሩ 17,500 ተመልካች እንዲይዝ፣ ከዚያ በኋላ ጊዜያዊ ክንፎቹ ተነስተው ወደ 2,500 እንዲወርድ ተደርጎ ነው የተሠራው። ከውድድሩ ማግስት ማን ይጠቀምበታል የሚለው ጥያቄ ዲዛይኑ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ዋና ዋናዎቹ መወዳደሪያዎች ውድድሩ ሊጀመር አንድ ዓመት ሲቀረው ተጠናቀቁ።

ሁለተኛው ክሮስሬል የሚባለው የከተማ ባቡር ነው። ያው ከተማ ነው፣ የምህንድስና አቅሙም ያው ነው። 42 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ዋሻ ቁፋሮ በ2015 አለቀ፤ ዓለም አጨበጨበ። ሥራው በ36 ዋና ዋና ውሎች ተከፋፍሎ ነበር። በታኅሣሥ 2018 ይከፈታል ሲባል ቆይቶ፣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት በነሐሴ «አይደርስም» ተባለ። ማዕከላዊው ክፍል የተከፈተው በግንቦት 2022 ነው። ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ መጋጠሚያው ነበር፤ ጣቢያዎቹን፣ ባቡሮቹንና ሦስት ዓይነት የሲግናል ሥርዓቶችን አገናኝቶ መፈተሽ ከታሰበው በላይ ጊዜ ወሰደ። ዋሻው አለቀ ማለት ባቡሩ ሄደ ማለት አልነበረም። እማዬ ስለ ቤቷ የጠየቀችው ጥያቄ የለንደን ሰዎችም ጥያቄ ነበር።

«ሌላ ቢሮ ለምን ያስፈልገናል?»

ይህን ሐሳብ ለክፍል ጓደኞቼ ሳቀርብ አንዱ እንዲህ ሲል ሞገተኝ፤ «እያንዳንዱ ፕሮጀክት ማኔጀር ሥራውን በአግባቡ ከሠራ ፕሮግራሙ በራሱ ይሳካል። አንተ የምትለው አንድ ተጨማሪ ቢሮ፣ አንድ ተጨማሪ ስብሰባ፣ አንድ ተጨማሪ ሪፖርት ነው።»

ሁለተኛው ነጥቡ እውነት አለው። የፕሮግራም ቢሮ ተብሎ ተቋቁሞ ሥራው ፐርሰንት መሰብሰብ ብቻ ከሆነ ባይኖር ይሻላል፤ የመሐንዲሱን የሥራ ሰዓት ይበላል እንጂ አንድ ቧንቧ አያስቀብርም። እኔም ያየሁት ስብሰባ በስሙ የቅንጅት ስብሰባ ነበር። የጎደለው ሥልጣን ነው። ገንዘብ ከአንዱ ወደ ሌላው የማዛወር፣ ቅደም ተከተል የመቀየር፣ «ይህ ሳይት ይቁም» የማለት ሥልጣን የሌለው ሰው ፕሮግራም ማኔጀር ቢባልም ጸሐፊ ነው።

የመጀመሪያው ነጥቡን ግን አልቀበልም። ያ ስብሰባ ላይ የነበሩት ሁሉ ሥራቸውን በአግባቡ እየሠሩ ነበር። ችግሩ የመጣው ሰዎቹ ሰንፈው ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ሰነፉን መቀየር። ሁሉም ጎበዝ ሆኖ ሥራው ሲቆም ግን የጎደለው ሌላ ዓይነት ሙያ ነው።

ይህን ስል የፕሮጀክት ማኔጅመንትን ማቃለሌ አይደለም። ያለማመደኝ መሐንዲስ ዓይነት ሰው ከሌለ የሚቀናጅ ነገርም አይኖርም። የተንጋደደ ግድግዳ በቅንጅት አይቃናም። ለአንድ ጤና ጣቢያ ወይም ለአንድ ድልድይ የፕሮግራም ቢሮ ማቋቋምም ቀልድ ነው። የእኔ ክርክር ሥራው በብዙ ውሎች ተከፋፍሎ፣ ጥቅሙ ግን ሁሉም ሲገጣጠሙ ብቻ የሚገኝ ሲሆን ስለሚያስፈልገው ሙያ ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

እኛ በዲፓርትመንታችን የምንማረው በአብዛኛው የአንድ ፕሮጀክት ጉዳይ ነው፤ አንድ ሕንፃ፣ አንድ ውል፣ አንድ ስኬጁል። ተመርቀን ስንወጣ ግን ብዙዎቻችን የምንገባው በቤቶች፣ በመንገድ፣ በመስኖና በኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራዎች ላይ ነው። እነዚህ ደግሞ ፕሮግራሞች ናቸው። ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን ሦስት ነገር በትህትና አቀርባለሁ።

አንድ፣ ፕሮግራም ማኔጅመንት ከኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ኮርስ መጨረሻ ላይ በሁለት ገጽ ሃንድአውት ከሚታለፍ፣ በአገር ውስጥ ምሳሌ ተደግፎ የጥቂት ሳምንታት ትምህርት ይሁን። ሁለት፣ የተግባር ልምምድ ሪፖርታችን ላይ አንድ ገጽ ይጨመር፤ «የሠራሁበት ግንባታ አገልግሎት ላይ እንዲውል ከውሉ ውጭ ምን ምን መኖር አለበት? ማንስ ይሠራዋል?» የሚል። ሦስት፣ ከመመረቂያ ጽሑፎቻችን ጥቂቶቹ እንኳ የኮንክሪት ጥንካሬን ትተው የውሎችን መጋጠሚያ ያጥኑ። ርዕስ ጠፋን ለምትሉ፣ ከተማው ሙሉ ርዕስ ነው።

ለተማሪ ጓደኞቼ ደግሞ አንዲት ምክር አለችኝ። ነገ ሳይት ስትገቡ ትልቅ ሥልጣን አይኖራችሁም፤ ሜትር ይዛችሁ መስኮት ነው የምትለኩት። ቢሆንም ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ማንም አይከለክላችሁም፤ «እኔ ማንን እየጠበቅሁ ነው? እኔንስ ማን እየጠበቀኝ ነው?» መልሱን ወረቀት ላይ አስፍሩትና ለአለቃችሁ አሳዩት። እኔ ያን ቀን ማስታወሻ ብቻ ይዤ ወጣሁ። ዛሬ ቢሆን አራቱን ሥራዎች በቀስት አገናኝቼ አንድ ገጽ አቀርብ ነበር። ምናልባት ማንም ላያየው ይችላል። ግን ለምን ዝም እንዳልኩ ራሴን አልጠይቅም ነበር።

እማዬን በተመለከተ፣ ቁልፉ አሁንም ኮመዲኖው ውስጥ ነው። ያን ማታ ላቀረበችልኝ ጥያቄ «እያንዳንዱ ሥራ በየራሱ አልቋል እማዬ፣ ቤቱ ግን አላለቀም» ብዬ መለስኩላት። ትንሽ አሰብ አደረገችና «ታዲያ አላለቀም በላ!» አለችኝ። ፈተናው ላይ እንዲህ ብዬ ብጽፍ አምስቱንም ሳላገኝ አልቀርም ነበር።

አስተያየትም ተቃውሞም ያላችሁ በሚቀጥለው እትም ብትጽፉ ደስ ይለኛል። ቸር ይግጠመን።